ኮዳው ከፊት ነበር

በ2014 ዓ.ም. ክረምት የስምንት ዓመት ልጄን ባልሠራችው ጥፋት ስወቅሳት ከረምኩ። ጥፋቱ ትንሽ ነው፤ መኪና ውስጥ ውሃ መድፋት። ወር ሙሉ ሲደጋገም ግን ትንሽ አይሆንም።

መኪናዋ መርሴዲስ 190 ናት፤ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች። ጣሪያዋ ላይ በእጅ እየተዘወረ የሚከፈት፣ ሰንሩፍ የምንለው የብረት ክዳን አላት። ስገዛት ደላላው እንደ ትልቅ ነገር ያሳየኝ እሱን ነበር። ከገዛኋት ወዲህ የከፈትኩት ግን ከአምስት ጊዜ አይበልጥም። ሸጠን ሌላ እንግዛ እንዳንል፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ዋጋን ሰቅሎታል። አሁንማ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ራሱ ተከልክሏል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ያለችንን እያስታመምን ነው።

ግንቦት ላይ ከጣሪያው የኋላ ግራ ጥግ ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ። የወሰድኩበት ጋራዥ በክዳኑ ዙሪያ ሲሊኮን ቀባበትና “አለቀ፤ ከእንግዲህ ግን እንዳትከፍተው” አለኝ። እውነትም ጠብታው ቆመ። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ያለው ወለል፣ ልጄ ሁልጊዜ እግሯን የምታሳርፍበት ቦታ፣ ረጥቦ ይገኝ ጀመር። ጣሪያው ተደፍኗል። በሩ ደህና ነው። የቀረው የልጅቷ የውሃ ኮዳ ብቻ ነው። ጠዋት ሳገኘው፣ ማታ ከክረምት ትምህርት ስትመለስ የደፋችው ነው ብዬ ደመደምኩ።

“አልደፋሁም” ትላለች።

“ታዲያ ማን ደፋው?” እላለሁ።

ለዚህ መልስ የላትም። መልስ ማጣቷን እንደ እምነት ቃል ቆጠርኩት። ባለቤቴ አንድ ሁለት ጊዜ “ተዋት እንጂ፣ ውሃ ነው” ብላኝ ነበር። እኔ ግን ነገሩ የውሃ አይደለም፣ የውሸት ነው አልኩ። ልጅ ሲዋሽ ዝም አይባልም አይደል? እንዲህ ብዬ ራሴን ትክክለኛ አባት አደረግሁት።

ነሐሴ 15 የፍልሰታን ፍቺ ወላጆቼ ዘንድ ለመዋል ወደ ደጀን ተነሣን። ገና ከአዲስ አበባ ሳንወጣ ኮዳዋን ተቀብዬ ከፊት፣ በእኔ በር ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩት። “ሲጠማሽ ንገሪኝ” አልኳት። እሺ አለች።

ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ዝናብ ያዘን። የዓባይን በረሃ በክረምት ያቋረጠ ያውቀዋል፤ ላይ ብርድና ጉም፣ ታች ደግሞ ሙቀት። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ያንኑ ያህል መውጣት ነው። ፍልቅልቅን አልፈን ስንወርድ ዝናቡ እየሳሳ መጥቶ ተወን። በጃፓን እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ጋ ስንደርስ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ላባችንን እንጠርግ ነበር። ልጄን በመስታወት አየኋት፤ ፊቷ ቀልቷል።

“ውሃ ትፈልጊያለሽ?”

“አልጠማኝም።”

ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። ኩራርን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ዝናቡ እንደገና ወረደ፤ ያሁኑ የጎጃም ዝናብ ነው፣ መጥረጊያው አልችል አለ። ልጄ ተኛች። ደጀን ወላጆቼ ግቢ ገብተን የኋላውን በር ስከፍት ወለሉ ርሷል። ካልሲዋ ጭምር።

አያቶቿ ሊስሟት እጃቸውን ዘርግተው በቆሙበት ጮህኩባት። አባቴ ዝናብ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው፣ እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ።

“በምን ደፋችው?” አሉ።

“በኮዳዋ ነዋ።”

“ኮዳው የት አለ?”

ከበሬ ኪስ አወጣሁት። ከቤት እንደተሞላ ነው። ክዳኑ እንኳን አልተነካም።

ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላለም። እናቴ ልጅቷን አቅፈው ወደ ቤት ገቡ፤ እኔ ኮዳውን ይዤ ዝናብ ላይ ቀረሁ።

አባቴ መካኒክ አይደሉም። መኪና መንዳትም አያውቁም። ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚያው በረሃ መንገድ ጥገና ላይ ሠርተዋል፤ አካፋና ዶማ ይዘው ቦይ ሲጠርጉ፣ ቱቦ ሲከፍቱ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው “ይህ ክዳን ውሃ ሲያልፍበት ውሃው ወዴት እንዲሄድ ነው የተሠራው?” የሚል ነበር። እንዳያልፍበት ነው የተሠራው አልኩ። ሳቁብኝ። “ተከፍቶ የሚዘጋ ነገር ጨርሶ አያልፍበትም? ቦይ የሌለው መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ የለም።”

በኋላ እንዳየሁት ልክ ነበሩ። በክዳኑ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ አብዛኛውን ዝናብ ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አያስቀርም። የሚያመልጠውን ከሥር ያለ የቆርቆሮ አሸንዳ ይቀበለዋል። ከአሸንዳው አራት ማዕዘኖች አራት ቀጫጭን ቱቦዎች ይወርዳሉ፤ የፊቶቹ በፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ምሰሶ ውስጥ አልፈው በበሩ ማጠፊያ በኩል፣ የኋላዎቹ ደግሞ ከኋላ ጎማው አካባቢ ውጭ ይተፉታል። ቱቦው ደህና ከሆነ ክዳኑ ቢያሳልፍም ሰው አይረጥብም። ቱቦው ከተደፈነ ግን አሸንዳው ሞልቶ በከንፈሩ ይፈሳል፤ ከጣሪያው ጨርቅ ጀርባ ሾልኮ በምሰሶው ውስጥ ለውስጥ ወለል ይደርሳል። የሚታይ ጠብታ የለውም። ጋራዡ የቀባው ሲሊኮን ፀሐይና ንዝረት ሰነጣጥቀውት ስለነበር ውሃው በየስንጥቁ መግባቱን አልተወም።

“አዲስ አበባ ስታቆማት አፍንጫዋ ወዴት ነው?” አሉኝ።

ሰፈራችን ዳገት ነው፤ ወደ ላይ ነው አልኩ።

የዚያኑ ዕለት ምንጣፉን አንሥተን አወጣነው። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ሲጨመቅ እንደ ወተት ይንዠቀዠቃል፤ ሽታውም የከረመ እርጥብ ጨርቅ ነው። ወለሉ ላይ ዝገት ጀምሮታል። እናቴ ምንጣፉን ወስደው ማጀት ከእሳቱ በላይ ሰቀሉት፤ በነሐሴ ሌላ ማድረቂያ ከየት ይመጣል? ባዶ የቀረውን ብረት አደረቅነውና ያን ሌሊት መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ታች አድርገን አቆምናት። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ብረቱ ደረቅ ነው። በማግስቱ ሌሊት አዙረን አፍንጫዋን ወደ ላይ አደረግን። ጠዋት ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ውሃ ተኝቷል። አባቴ ጣታቸውን ነከሩበትና ወደ እኔ ዘወር አሉ። ምንም አላሉም። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

በ17 ሰንሩፉን ከፈትነው። ሲሊኮኑን ቀለሙን እንዳይቧጥጥ በፕላስቲክ ማንኪያ እጀታ እየፈቀፈቅን ግማሽ ቀን ፈጀብን። (መደፈኛ መቀባት አምስት ደቂቃ ነው፤ ማንሣቱን ግን ለባለቤቱ ይተዉለታል።) አሸንዳው ውስጥ ያየሁት አፈር ነው። አዲስ አበባ የማቆማት ከጎረቤት የፈረንጅ ጥድ ሥር ስለሆነ ቅጠሉና አቧራው ተቦክቶ ጥጉ ላይ ችግኝ የሚያበቅል ጭቃ ሆኗል።

ልጄን ጠራናት። ሥራዋ በቡና ስኒ በየጥጉ ውሃ ማፍሰስ ነበር፤ አንድ ጥግ አንድ ስኒ። እኔ ከታች ተንበርክኬ አያለሁ። የፊት ቀኝ፣ ወጣ። የፊት ግራ፣ ወጣ። የኋላ ቀኝ፣ ዘግየት ብሎ ወጣ። የኋላ ግራ ላይ አፈሰሰች፤ ጠበቅን። “እዚሁ ቆሟል” አለች ከላይ።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ጎረቤት ጎማ ቤት ወስደን በኮምፕሬሰር እናስነፋው አለ። አባቴ እምቢ አሉ፤ ውስጥ ያለው ቱቦ ከመጋጠሚያው ከወለቀ ጣሪያው ሁሉ መፈታቱ ነው። የብስክሌት የፍሬን ገመድ አስመጡና ጫፉን እንዳይወጋ በክር ጠቀለሉት። እያሽከረከሩ፣ ትንሽ እየገፉ፣ ትንሽ እየሳቡ፣ መሃል ለብ ያለ ውሃ እያስጨመሩ። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ አይቀርም። ሰባ ዓመት ያለፈው እጅ እንዲያ ሲታገሥ አይቼ እኔ ለአንዲት ልጅ አንድ ደቂቃ አለመታገሤ ትዝ አለኝ።

በድንገት ከኋላ ጎማው ሥር ጥቁር ውሃ ዱብ ዱብ አለ፤ ከዚያ የጥድ ቅጠል እየገፋ ወረደ።

“መጣ!” አልኩ።

ልጄ ከወንበሩ ላይ ወርዳ አጎንብሳ አየችው። ጥቂት ቆይታ “እኔ አልነበርኩም” አለች፤ በጩኸት አይደለም፣ እንደሚያነብ ሰው።

“አልነበርሽም” አልኩ። “ጥፋቱ የእኔ ነው። ስትነግሪኝ አልሰማሁሽም።” ይህን በአባቴ ፊት መናገር ከጠበቅሁት በላይ ከበደኝ። ሲጮህባትም በፊታቸው ነበርና ሌላ ቦታ ልወስደው አልፈለግሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀችና ስኒውን ልታጥብ ሄደች።

ማታ እናቴ ለብቻዬ ነገሩኝ። ልጅቷ የመጣን ዕለት ቤት እንደገባች ሦስት ብርጭቆ ውሃ በተከታታይ ጠጥታለች። ለምን መንገድ ላይ እንዳልጠየቀች ሲጠይቋት “መኪና ውስጥ ውሃ አልጠጣም” ብላቸዋለች። በረሃው መሃል “አልጠማኝም” ያለችኝ እንግዲህ ያ ነው።

አሁን ክረምት ሊገባ ሲል፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ በየጥጉ አንድ አንድ ስኒ እናፈስሳለን፤ የምታፈሰው እሷ ናት። ከጥዱ ሥር ማቆም ትቻለሁ። ምንጣፉ እስከ ዛሬ የእናቴን ማጀት ጭስ ይሸታል፤ የተሳፈረ ሁሉ ምንድን ነው ይላል።

ያን ጊዜ ስንመለስ ከደጀን ጀምሮ ዘነበ። ልጄ ዓይኗን ከጣሪያው ጥግ ላይ አላነሣችም። ታች ድልድዩ ጋ ሙቀቱ ሲበረታ ኮዳውን ሳትጠይቀኝ ወደ ኋላ አቀበልኳት። ተቀበለችኝ፤ ሁለት ጊዜ ተጎነጨች። ከዚያ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችና በትከሻዬ በኩል መለሰችልኝ።

“እዚያው ፊት ይሁን” አለች።