ባትሪው አልነበረም

የመጋቢ ሚስት ስለ ሞተር ሳይክል ባትሪ ስትጽፍ ምን ነካት ትሉ ይሆናል። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ዕድሜዬ ከአርባ እስኪያልፍ ድረስ ስለ ሞተር የማውቀው ከኋላ ተቀምጦ የባልን ወገብ መያዝ ብቻ ነበር። ነገር ግን ለአንድ ዓመት ያህል በቤታችን የጭቅጭቅ ምክንያት የሆነችው ይህችው ሞተር ናት። በእናንተም ቤት ሞተር ባይሆን ሌላ ነገር አይጠፋምና ታሪኩን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

የምንኖረው በነገሌ ቦረና ነው። ከተማችን ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ባለቤቴ የሚጎበኛቸው ምእመናን በዋደራም በኩል፣ በፊልቱም በኩል ተበታትነው ይኖራሉ። መኪና የለንም፤ ያለችን አንዲት ሞተር ናት። ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ባጠረባቸው ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የአርብቶ አደሩ ከብት እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ የባለቤቴ ጉዞ እጥፍ ሆነ። የታመመ ይጠይቃል፣ ያዘነ ያጽናናል፣ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ቤተሰቦች ይመዘግባል። ጠዋት የወጣ ማታ አቧራ ለብሶ ይመለሳል።

ሞተሯ መታመም የጀመረችው በዚያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሞተሪኖው አልዞር አለ። ክላክሱ እንደ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፁ ተዘጋ። ፍሬቻው መብረቅረቁን ትቶ ፈዝዞ ቀረ። ባለቤቴ «ባትሪው አርጅቷል» ብሎ አዲስ ገዛ። ሁለት ወር ሳይሞላ ያው ሆነ። ሁለተኛ ተገዛ፤ እሱም ደከመ። ሦስተኛው የተገዛው ለልጆቻችን ደብተርና የደንብ ልብስ ካስቀመጥኩት ገንዘብ ላይ ተወስዶ ነው። እኔም ዝም አላልኩም። «አንተ ለሞተሩ የምታስበውን ያህል ለቤትህ ብታስብ!» አልኩት። ያ ቃል ከአፌ ከወጣ በኋላ ሳምንት ሙሉ በቤታችን ከ«እራት ቀርቧል» ያለፈ ንግግር አልነበረም።

በፊልቱ መንገድ ላይ

በ2014 ዓ.ም. በበጋው ወራት አንዲት በሐዘን ላይ ያለች እህት ለማጽናናት አብረን ወደ ፊልቱ ሄድን። ስንመለስ መሸብን። መብራቱ በመጀመሪያ ደህና ነበር፤ ከዚያ ነጣ ያለው ብርሃን ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ቀይ እየተለወጠ ሄደ። ባለቤቴ ነዳጅ ሲጨምር እንኳ ብርሃኑ አልደመቀም። ቀጥሎ ሞተሩ ራሱ መንተባተብ ጀመረ።

ድንገት ከፊታችን አንድ ጥላ ተንቀሳቀሰ። ግመሎች ነበሩ። ውሃ ፍለጋ የሚነዳ መንጋ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ባለቤቴ ፍሬን ሲይዝ ጎማው በአሸዋው ላይ ተንሸራተተና ሁለታችንም ወደቅን። ጌታ ይመስገን፣ ክርኔ ከመላጡ በቀር የከፋ ጉዳት አልደረሰብንም። እረኞቹ አንሥተውን ወደ ሰፈራቸው ወሰዱን። አንዲት እናት በድርቁ ጊዜ ለልጆቿ እንኳ ከማይበቃው ወተት ላይ ሻይ አፍልታ ሰጠችን፤ ምንጣፍ ዘረጋችልን። ያቺን እናት እስከ ዛሬ ሳስባት ዓይኔ እንባ ያቀራል።

ጎን ለጎን ተኝተን ስለ ሦስተኛው ባትሪ ልናገር አፌን ስከፍት፣ ባለቤቴ ቀስ ብሎ «ደክሞኛል» አለ። በትዳር ባሳለፍናቸው ዓመታት ሁሉ ይህን ቃል ከእሱ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ልናገር ያሰብኩትን ዋጥኩት።

«ሮቶው ውሃ ሲያልቅበት ሮቶ ይገዛሉ?»

በማግስቱ ሞተሯ በጭነት መኪና ተጭና ነገሌ ገባች። ባለቤቴ ትኩሳት ስለ ነበረበት ወደ ጋራዥ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሠራተኛው የትልቁ ልጄ እኩያ የሚሆን ወጣት ነው። ገና ሳልጨርስለት «አራተኛ ባትሪ ልግዛ?» አልኩት።

«እትዬ፣» አለኝ፣ «ባትሪ ማጠራቀሚያ ነው እንጂ ማመንጫ አይደለም። ቤትዎ ያለው ሮቶ ውሃ ባለቀበት ቁጥር አዲስ ሮቶ ይገዛሉ? ወይስ ቧንቧውን ያያሉ?»

ይህ ጥያቄ ለነገሌ ሰው ትልቅ ትርጉም አለው። በጥር 1966 ዓ.ም. በዚሁ በከተማችን የሰፈሩት የአራተኛ ብርጌድ ወታደሮች ያመፁት የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ስለ ከለከሏቸው ነበር። ምግባቸውም የማይበላ ነበር። ሊያነጋግራቸው የተላከውን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው ያንኑ ምግብ እንዲበላ አደረጉት። ታሪክ ጸሐፊዎች ለአብዮቱ መነሻ ከሚሏቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የተበላሸውን ፓምፕ በጊዜው ያየለት ሰው ስላልነበረ፣ ችግሩ ፓምፕ ከመሆን አለፈ።

እኔም በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ መምህራኖቻችን አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩን ነበር፤ መጀመሪያ ምልከታ፣ ቀጥሎ ትርጓሜ፣ በመጨረሻ ተዛምዶ። ክፍሉን በደንብ ሳያዩ ወደ ስብከት መሮጥ ስሕተት ነው። እኛ ግን በሞተሯ ላይ ያደረግነው ይህንኑ ስሕተት ነው። ሳናይ ተረጎምን፤ ሳንለካ ገዛን። ወጣቱ በዚያን ቀን ያሳየኝን ምልከታ፣ ባሎቻችሁ በሞተር የሚመላለሱ እህቶች እንድትጠቀሙበት በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

ምልከታው

መጀመሪያ ቴስተሩን በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ አደረገ። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ፣ በደንብ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል። ወደ 12 ከወረደ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል ማለት ነው። ባትሪው በውጭ ቻርጀር ተሞልቶ ካደረ በኋላ ሲለካ ደህና ነበር። «እንግዲህ ባትሪው ገና አልሞተም» አለኝ።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥቶ መብራቱን አበራና ነዳጅ ጨመረ። ጤነኛ ሞተር ከሚኒሞ ከፍ ሲል በባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ድረስ ሊታይ ይገባል። የእኛ ከ12.3 ከፍ አላለም። ከ15 በላይ ቢወጣ ደግሞ ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ባትሪውን ከልክ በላይ እየሞላ ውሃውን ያፈላዋል ማለት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም ሰጠኝ፤ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል ሬጉሌተሩንና አምፖሎቹን ሊያቃጥል ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግም።

በሦስተኛ ደረጃ ፊውዙንና የባትሪውን ጫፎች አየ። በጫፎቹ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ተጋግሮ ነበር። ገመዶቹን ፈትቶ በብረት ብሩሽ አጸዳቸው። የኔጋቲቩ ገመድ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚታሰርበትንም ብሎን አጠበቀ።

በአራተኛ ደረጃ ከዲናሞው የሚመጡትን ሦስት ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ሽቦዎች ከሬጉሌተሩ ነቀለ። የዲናሞው ማግኔት ሲዞር በጥቅልል ሽቦዎቹ ውስጥ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ አቅጣጫው የሚቀያየር ነው፤ ለባትሪ የሚሆን አድርጎ የሚያቀናውና ልኩን የሚጠብቀው ሬጉሌተሩ ነው። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን እያደረገ ለካ። ሦስቱም ልኬት እኩል ከሆነና ነዳጅ ሲጨመር አብሮ ካደገ ዲናሞው ጤነኛ ነው። ከዚያም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከሽቦዎቹ አንዱም ከሞተሩ ብረት ጋር አለመገናኘቱን አረጋገጠ። ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ሽቦ የሆኑት ትናንሽ ሞተሮች አሠራራቸው ስለሚለይ የየራሳቸውን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

ዲናሞው ደህና፣ ባትሪው ደህና። ታዲያ ችግሩ የት ነው? ወጣቱ የነቀለውን የፕላስቲክ ማገናኛ ወደ ብርሃን አውጥቶ አሳየኝ። ከሦስቱ ጥርሶች አንዱ ጠቁሯል፤ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቀልጧል። የመንገዱ ኮረኮንች አላላው፣ አቧራው ገባበት፤ የላላ ግንኙነት ደግሞ ይግላል፣ ሲግል የበለጠ ይላላል። ማመንጫው እያመነጨ፣ ማጠራቀሚያው እየጠበቀ፣ በመካከል ያለው መገናኛ ተቃጥሎ ነበር። ቀን ቀን መብራት ስለማይበራ ጥቂቱ ኃይል ይበቃ ነበር። ማታ ግን ባለ 35 ዋት የፊት መብራት ብቻውን ወደ 3 አምፒር ይወስዳል። ባለ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ ዲናሞው ካልረዳው ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም። የእኛ ግማሽ እንኳ ያልሞላ ነበር።

ማገናኛው ተቆርጦ በአዲስ ተተካ። ሞተሩ ተነሥቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ነዳጅ ሲጨመር ቴስተሩ 14.2 አሳየ። የከፈልኩት ዋጋ ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ደስታና ኀፍረት በአንድነት ተሰሙኝ።

ወጣቱ ግን አንድ ጥያቄ ቀረው፤ «ከዚህ ባትሪ ላይ ሌላ ምን ትጠቀማላችሁ?» አለኝ። ነገርኩት። ባለቤቴ በገጠር ስብሰባ ሞተሩን አጥፍቶ ድምፅ ማጉያውን ከባትሪው ላይ ይቀጥላል። ምእመናኑም ተራ በተራ ስልካቸውን ቻርጅ ያደርጋሉ። እሱም ሳቀና «እትዬ፣ ይህ ባትሪ ሞተር ለማስነሣት የተሠራ ነው። ደጋግሞ እስከ ባዶ ከተጨለጠና ሳይሞላ ከሰነበተ ውስጡ ይበላሻል፤ ከዚያ ቢሞሉትም አይይዝም» አለኝ። በቆላ ሙቀት ደግሞ የሚከፈተው ዓይነት ባትሪ ውሃው ቶሎ ስለሚተን፣ በየጊዜው እያዩ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ መጨመር እንጂ የቧንቧ ውሃ መጨመር እንደማይገባም መከረኝ።

ተዛምዶው

ወደ ቤት ስመለስ ባለቤቴ አልጋ ላይ ነበር። ጠቁሮ የቀለጠውን ማገናኛ በእጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው። ከዚያ «ሦስት ባትሪ ያለ ጥፋቱ ጣልን ማለት ነው» አለ።

እኔም በዚያች ሰዓት ይቅርታ ጠየቅሁት። አንድ ዓመት ሙሉ «ለቤቱ ግድ የለውም» ብዬ ተርጉሜው ነበር። እሱም «ሚስቴ አገልግሎቴን አትደግፍም» ብሎ ተርጉሞኝ ነበር። ሁለታችንም ሳንመለከት ነው የተረጎምነው። ፍቅሩ አልሞተም ነበር፤ በመካከላችን ያለው መገናኛ ግን ላልቶ፣ ግሎ፣ ቀልጦ ነበር። እሑድ በቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመን ስንዘምር ያየን ሰው 12.6 እንዳለን ያስብ ነበር። ጭነት ሲመጣ ግን ብርሃናችን ደበዘዘ። ትዳርም እንደ ባትሪ ቆሞ ሲለካ ደህና ሊመስል ይችላል።

ነቢዩ ኤልያስ ከድካሙ የተነሣ ሞትን በለመነ ጊዜ፣ በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 እንደምናነበው፣ እግዚአብሔር በመጀመሪያ የሰጠው እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውሃ ነበር፤ ጥያቄውና አዲሱ ተልእኮ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ለደከመ አገልጋይ የምንሰጠው ግን ሌላ ስብሰባ ነው። ሁሉም ስልኩን የሚሰካበት፣ እሱን ግን ማንም የማይሞላው ባትሪ እናደርገዋለን። የአገልጋይ ሚስትም እንዲሁ ናት፤ የሁሉን እንባ ታብሳለች፣ የእሷን ግን የሚጠይቃት የለም።

ዛሬ በሳሎናችን በር ጀርባ አንዲት ደብተር ተንጠልጥላ ትገኛለች። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ቴስተሩን ይዤ የሞተሩን ቮልት እለካና እመዘግባለሁ። ድምፅ ማጉያው የራሱ ባትሪ ተገዝቶለታል። በዚያችው ደብተር ላይ ሰኞ ቀን የቤተሰብ ተብሎ ተሰምሮበታል። ሁልጊዜ ይሳካልናል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ሐዘን ሲመጣ፣ ሰው ሲታመም ሰኞአችን ይሄዳል። ሲሄድ ግን ደብተሩ ላይ ስለሚጻፍ በሌላ ቀን እንከፍለዋለን።

እናንተም ባለትዳሮች፣ በቤታችሁ መብራት መደብዘዝ ሲጀምር ወዲያው አዲስ ነገር ለመግዛት ወይም አንዳችሁ በሌላው ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ቁጭ ብላችሁ ተያዩ፤ ጭነቱ ባለበት ሰዓት ለኩ። ከሁሉ በፊት ግን ማገናኛውን አውጥታችሁ ወደ ብርሃን አምጡት።