ባቡሩን አምናችሁ ቤት ልትከራዩ ነው?

ሰርግ ደግሳችሁ ቤት ፍለጋ ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ የዛሬው ጨዋታዬ ከእናንተ ጋር ነው። ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናት፣ ስለ አማት ብዙ ተብሏል። ስለ ትራንስፖርት ሰልፍ ግን ማንም አይጽፍም። እኔ ግን ልንገራችሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሙሽሮችን የሚያጣላው ቅናት ብቻ አይደለም። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደክሞት የገባ ባል፣ 3 ሰዓት ላይ እግሯን እየጎተተች ከገባች ሚስት ጋር ምን ፍቅር ያወራል? "እራት የለም እንዴ?" "አንተስ እጅ የለህም?" ይኸው ነው ጨዋታው!

ነገሩን ያስነሳብኝ የአጎቴ ልጅ ነው። እምድብር ተወልዶ፣ መርካቶ ሱቅ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። እጮኛው ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ትሠራለች። በ2015 ዓ.ም. እንደ ልማዳችን ለመስቀል አገር ቤት ገብተን፣ ክትፎው በቆጮ ከተበላ በኋላ ምሥጢሩን አወጣው። ደላላ አያት ጋ ሁለት ክፍል አግኝቶላቸዋል። ኪራዩ ከመሀል ከተማው በጣም ይረክሳል፤ ነገር ግን የስድስት ወር ቅድሚያ ይጠይቃል። ያ ማለት ለሰርጉ ያጠራቀሟት ብር በሙሉ ማለት ነው። ደላላው ደግሞ "ባቡሩ እኮ ደጃፉ ላይ ነው!" ብሏል። ልጅቷ ምንም ሳትናገር ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

ደላላው እንዲያው ከመሬት ተነስቶ አልዋሸም። ቀላል ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር (ለመስቀል ሳምንት ሲቀረው ነበር) የት እንደሚሄድ የሌለው ሰው ሁሉ ልጁን ይዞ ለሽርሽር ይሳፈር ነበር። ወደ 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር! አረንጓዴው ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሰማያዊው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። ትኬቱ ያኔ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። የወጣበት ገንዘብ 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ከዚህ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። የሠራውም የቻይና ኩባንያ ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? ባቡር ይበላሻል፤ መለዋወጫው የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። እኛ ደግሞ ምንዛሪ እንዴት እንደሚገኝ እናውቀዋለን! በ2015 ከ41ዱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቆመው ነበር። ሁለቱ መስመሮች ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ፣ እዚያ ላይ አንዱ ከቆመ ሌላውም ይቆማል። ታሪፉ ሲቆረጥ ድሃ ይጠቀም ተባለ፤ ደግ ሐሳብ ነው። ግን በ6 ብር ትኬት የዶላር ዕዳ አይከፈልም። ጎዶሎውን የሚሞላ በጀት አብሮ ካልተቆረጠ፣ ድሃው ርካሽ ትኬት ይዞ የማይመጣ ባቡር ይጠብቃል። በዚያ ላይ ሲጀመር ከተማው የአዲስ አበባ አስተዳደር፣ ሐዲዱ የፌዴራሉ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነበር። ሁለት አባት ያለው ልጅ ማን ጫማ ይግዛለት?

ይህን ስንጨቃጨቅ የተቀመጥነው ከአጎቴ ደጅ፣ ጀፎረው ፊት ለፊት ነው። ጀፎረ ለማታውቁ፣ በጉራጌ መንደር ቤቶች በሁለት ወገን የሚተያዩበት ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ሰርጉም ለቅሶውም እዚያ ነው፤ ከብቱም ልጁም እዚያ ይውላል። አጥሩን ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። አጎቴ ሲያዳምጡን ቆይተው፣

"ያ ባቡራችሁ ሲሰበር የሚጠግነው ማን ነው?" አሉ።

ዝም አልን።

"በመሀል መንገድ ነው አሉ የሚሄደው?"

"አዎ፣ ግራና ቀኙ ታጥሯል። ማዶ ለመሻገር እስከ ማቋረጫው መዞር ነው" አለች እጮኛዋ ልጅ።

አጎቴ ሳቁ። "ጎረቤት ከጎረቤት የሚለይ መንገድ!" ብለው ስለ 1950ዎቹ አነሱ፤ የጉራጌ ሕዝብ ገንዘብ እያዋጣ መንገድ ማሠራት ስለ ጀመረበት ዘመን። ያዋጣ ሰው ድልድይ ሲሰበር "ምን ሆነ?" ብሎ ይጠይቃል። እኛ ግን የባቡሩን ማንን እንጠይቅ?

በነገራችን ላይ ይህ የድሃ አገር በሽታ ብቻ አይምሰላችሁ። የስኮትላንዷ ኤዲንብራ ከተማ ምክር ቤትም በትራም ጉዳይ ጉድ ሆኗል። መስመሩን ከታሰበው አሳጥሮ፣ ዘግይቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲከፍት 776 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶ ነበር። እዚያ ግን ዳኛ ተሹሞ ማን ምን እንደወሰነ ተመርምሮ፣ ሪፖርቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጣ። ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል፤ ቢሆንም ተጠይቋል።

ወደ ሙሽሮቻችን እንመለስ። እኔ ያልኳቸው አንድ ነገር ነው፤ ባቡሩ ጭራሽ እንደሌለ ቁጠሩና ሂሳብ ሥሩ። ከመጣ ምርቃት ነው። ወረቀት አምጥተን፣ የሁለቱን የደርሶ መልስ የታክሲ ሂሳብ በወር አባዝተን ከአያቱ ኪራይ ጋር ደመርነው። ሰዓቱንም ቆጠርን። ልጁ "ግን እኮ ሁለት ክፍል ነው!" እያለ ሞገተ፤ እውነቱን ነው፣ እንግዳ ሲመጣ የት ይተኛል? እሷ ግን እስክሪብቶውን ተቀብላ በቀን መንገድ ላይ የሚቀሩትን ሰዓቶች ከበበቻቸው። "እነዚህን ሰዓቶች ነው ያገባሁት ወይስ አንተን?" አለችው። አቤት የሳቅነው!

በመጨረሻ የተከራዩት ልደታ ነው፤ አንዲት ክፍል፣ የሁለት ወር ቅድሚያ። እሱ ወደ መርካቶ፣ እሷ ወደ ሜክሲኮ በእግር ይሄዳሉ። ማታ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ይወስዳታል፤ የሚጣሉትን መንገድ ላይ ይጨርሱታል። ቤተሰቧ በስጦታ የሰጧቸው ትልቁ ሶፋ ግን በበሩ አልገባ ብሎ እምድብር ተመለሰ። አጎቴ ከምሳ በኋላ ጋደም የሚሉት እሱ ላይ ነው።