«ያድግበታል» ለሹራብ እንጂ ለሳይክል አይሆንም!

በአገራችን ልጅ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቃል አለች። «ያድግበታል!» ትባላለች። የመስከረም ጫማ ሲገዛ ሁለት ቁጥር ከፍ ይላል፤ ጫፉ ላይ ጥጥ ይወተፋል። የዩኒፎርሙ እጅጌ ሁለቴ ይታጠፋል። ሹራቡ ጉልበት ሊነካ ምንም አይቀረው። ልጁ ጫማውን እየጎተተ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ እናት በር ላይ ቆማ እያየች «ግድ የለም፣ ያድግበታል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ያድግበታል። ኪስ ሳይሞላ ልጅ ማሳደግ ያስተማረን ብልሃት ነውና በዚህች ቃል የሚስቅ ቢኖር እኔ አብሬው አልስቅም።

ይሁንና ይህችው ቃል ከጫማ ቤት ወጥታ ሳይክል ቤት ስትገባ ነገር ይበላሻል። ሰፊ ሹራብ የለበሰ ልጅ ቢበዛ ይሳቅበታል። የማይመጥነው ሳይክል ላይ የወጣ ልጅ ግን ይወድቃል። ሹራብ ፍሬን የለውም፤ ቁልቁለት ላይም ይዞ አይሮጥም።

ወጣት አንባቢ ሆይ! «አላገባሁ፣ አልወለድኩ፤ ይህ ምን አገባኝ?» ብለህ ገጹን እንዳትገልጠው። በየቤታችን ሳይክል ይገዛ በተባለ ቁጥር «አንተ ታውቃለህ፣ አብረህ ሂድ» የሚባለው ማን ነው? ታላቅ ወንድም፣ አጎት፣ አክስት፣ የጎረቤት ወጣት... አንተው ነህ፤ አንቺው ነሽ። እኔንም ያገኘኝ ይኸው ነው።

የታላቅ እህቴ ልጅ 8 ዓመቷ ነው። አባቷ ኑሮን ለማሸነፍ ብሎ ዐረብ አገር ከሄደ 3 ዓመት ሆኖታል። ልጅቱ ከክፍሏ ጥሩ ደረጃ አገኘችና «ማውንቴን ሳይክል ግዛልኝ» አለችው። አላሳፈራትም፤ ብሩን ላከ። ከብሩ ጋር ግን ትእዛዝ አብሮ መጣ። «ባለ 26 ጎማው ይሁን፤ ለዘለቄታው ይሆናታል። ታድግበታለች።»

እህቴና እኔ ልጅቱን በመሃል አድርገን መርካቶ ወረድን። የገባንበት ሱቅ ሻጭ ምላሱ ቅቤ ነው። «ኦሪጅናል ማውንቴን፣ ባለ 21 ማርሽ፣ የፊትም የኋላም ሞላ ያለው!» እያለ ባለ 26ቱን አወረደ። ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገና ልጅቱን አፈፍ አድርጎ ላዩ ላይ ጉብ አደረጋት። «ይኸው እናቴ፣ ደረሰች አይደል?» እህቴ ፊቷ በራ። የእኔ ዓይን ግን ያረፈው የሻጩ እጆች ላይ ነበር። አንዱ መሪውን፣ ሌላው የኮርቻውን ጀርባ ጨብጧል።

«ወንድሜ፣ እስቲ ልቀቀው» አልኩት።

ሳቅ አለና «ትወድቃላ!» አለ።

በቃ! ምስክርነቱን ራሱ ሰጠ።

ትልቁ ምን ያደርጋታል?

ሳይክል የሚነዳ ሰው ሲቆም ከኮርቻው ወደፊት ወርዶ ሁለት እግሩን መሬት ላይ ያሳርፋል። በዚያን ጊዜ አግዳሚው ብረት በሁለት እግሮቹ መካከል ይገባል። ብረቱ ከእግሩ ርዝመት የሚበልጥ ከሆነ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፤ ወይ ከነሳይክሉ ወደ ጎን መውደቅ፣ ወይ ብረቱ ላይ መቀመጥ። ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚያም ለወንዶቻችን መንገር አያስፈልግም፤ ለሴት ልጅም ያው ሕመም ነው።

ቀጥሎ ፍሬን አለ። የትልቅ ሳይክል ፍሬን ለአዋቂ ጣት የተሠራ ነው። የልጅ ጣት ወይ ጨርሶ አይደርስበትም፣ ወይ በጫፉ ብቻ ይነካዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ሜዳ አይደለችም። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ትጀምርና አቃቂ ስትደርስ ወደ 2,100 ሜትር ትወርዳለች። ሰፈራችን ሁሉ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። እዚህ ከተማ ውስጥ ፍሬን መጨበጥ ለማይችል ልጅ ሳይክል መስጠት ምን እንደሚባል አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

መሪውም ሩቅ ነው። ልጁ እጁን ዘርግቶ ይንጠራራል፤ ክርኑ ታጥፎ መዞር ሲገባው ትከሻው አብሮ ይዞራል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ፍርሃቱ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ወድቆ የተነሣ ልጅ በአራተኛው ቀን «አሞኛል»፣ «የቤት ሥራ አለብኝ» ማለት ይጀምራል። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ሳይክል ልብስ ማስጫ ሆኖ በረንዳ ላይ ይቀራል። ልጁም «ፈሪ» የሚል ስም ይወጣለታል። ፈሪ ግን አልነበረም፤ የተሰጠው ሳይክል የእሱ ልክ አልነበረም።

«እኛስ በአባቶቻችን ሳይክል፣ በብረቱ ሥር እግራችንን አሾልከን ተምረን የለም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፤ ተምረናል። በግንባራችንና በክርናችን ላይ ያለው ጠባሳም ከዚያው የመጣ ነው። ያኔ ግን ሌላ ሳይክል አልነበረምና በተገኘው ተማርን። ዛሬ ገንዘብ ከፍሎ፣ መርጦ፣ ያንኑ ጠባሳ ለልጅ መግዛት ምን ይሉታል?

አንድ ሜትርና አንድ መጽሐፍ

ልኩን ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ይበቃል። ልጁ ጫማውን አውልቆ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ያስደግፍ። መጽሐፉን በሁለት እግሮቹ መካከል፣ ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ያህል እስኪሆን ወደ ላይ ገፋ አድርጋችሁ ጠርዙ ግድግዳው ላይ ያረፈበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከወለሉ እስከ ምልክቱ ያለው የውስጥ እግር ርዝመት ነው። ሙሉ ቁመቱንም በዚያው ለኩ። ዕድሜ አትጠይቁ፤ እኩል የ8 ዓመት ልጆች በቁመት አንድ ስንዝር ሊበላለጡ ይችላሉ።

የልጆች ሳይክል መጠን የሚጠራው በጎማው ኢንች ነው፤ ቁጥሩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ይገኛል። በግምት፣ ባለ 16 ከ105 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው ልጅ ይሆናል። ባለ 20 ከ115 እስከ 135፣ ባለ 24 ከ130 እስከ 150 ላለው ነው። ባለ 26 የሚታሰበው ቁመቱ ወደ 145 ሲደርስ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ባለ 27.5 እና ባለ 29 የአዋቂ ናቸው፤ እነሱ ላይ ጎማው ብቻ ሳይሆን የቴላዮው ትልቅነት ጭምር ይታያል።

ቁጥሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ እንደሚገቡ አስተውላችኋል። ልጁ በሁለት መጠኖች መካከል ከወደቀ የሚፈርደው የውስጥ እግሩ ነው። ገና ለሚማር ልጅ ኮርቻው እስከ መጨረሻው ዝቅ ሲል ከውስጥ እግሩ መብለጥ የለበትም፤ ተቀምጦ ሁለት እግሩ መሬት መያዝ አለበት። መንዳት ለለመደ ልጅ የእግሩ ጣቶችና የፊት መዳፉ ከነኩ ይበቃል። አግዳሚው ብረት ግን ልጁ በእግሩ ሲቆም ለማውንቴን ሳይክል ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት መተው አለበት።

የኛይቱ ቁመቷ 124፣ የውስጥ እግሯ 56 ሴንቲ ሜትር ነው። ሜትሬን ከኪሴ አውጥቼ የባለ 26ቱን ብረት ሱቁ ውስጥ ለካሁት፤ 72 ሴንቲ ሜትር! ሻጩ ዝም አለ። ባለ 20ውን አስወረድነው። ኮርቻው ዝቅ ሲል 57 ሆነ። ሰፈር ውስጥ በኪራይ ሳይክል መንዳት ለምዳለችና ማንም ሳይይዛት ወጥታ ተቀመጠች፤ በእግሯ ጣቶች መሬት ያዘች፤ ፍሬኑንም ጨበጠች። ዋጋውም ያንሳል። ስንት እንደሆነ አልጽፍም፤ ይህ ጽሑፍ ታትሞ እስኪወጣ ይለወጣል።

ማደጊያው የት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «ነገ ያጥራታል፣ ገንዘቡ ውኃ በላው» የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም። ግን እስቲ እናስላው። ከ5 ዓመት በኋላ እስከ ጉርምስና መዳረሻ ድረስ ልጅ በዓመት በአማካይ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ከዚህ ውስጥ የእግሩ ድርሻ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። የኮርቻው ዘንግ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይሳባል። እንግዲህ ዛሬ በዝቅታው ልክ የሆናት ሳይክል ብሎኑ እየላላ፣ ኮርቻው ከፍ እያለ፣ ሁለት ዓመት በደንብ፣ አንዳንዴም ሦስት ዓመት ያገለግላታል ማለት ነው። ማደጊያው ያለው ኮርቻው ዘንግ ውስጥ ነው፤ ጎማው ውስጥ አይደለም! ዘንጉ ላይ የተሠመረች መስመር ግን አለች፤ እሷ ከታየች ከዚያ በላይ አይሳብም፣ ይሰበራል።

ሴት ልጅ ወደ 10 እና 11 ዓመት፣ ወንድ ልጅ ወደ 12 እና 13 ዓመት ሲጠጉ እድገቱ ይፈጥናል። ያኔ በየስድስት ወሩ መለካት ነው።

ይህን ስሌት ለአባትየው የማስረዳቱ ዕዳ የወደቀው እኔ ላይ ነው። ማታ ሲደውል እህቴ ስልኩን ሰጥታኝ ዞር አለች።

«ትንሹን ገዛችሁ አሉ? በየዓመቱ ልልክ ነው እንዴ?» አለኝ ቆጣ ብሎ።

«ጋሼ፣ ቁመቷ ስንት የደረሰ ይመስልዎታል?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «ያው... የበሩ እጀታ ጋ አይደለችም?»

«እጀታው አሁን ትከሻዋ ጋ ነው። 124 ሴንቲ ሜትር ሆናለች።»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። «እንዲህ ደረሰች?» አለ በስተመጨረሻ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ትልቁን ያልኩት እኮ፣ ሌላ ጊዜ መላክ ብችል ባልችልስ ብዬ ነው» አለኝ።

በየቀኑ በቪዲዮ ይተያያሉ። ነገር ግን በስልክ መስታወት ውስጥ ፊት ይታያል እንጂ ቁመት አይታይም። «ታድግበታለች» ሲል ንፉግ ሆኖ አልነበረም፤ ያላየውን ሦስት ዓመትና ገና የሚመጣውን አንድ ላይ ሊሸፍን ፈልጎ ነው። ስለ ኮርቻው ዘንግ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝና «በየስድስት ወሩ ስትለካት ቁጥሩን ላክልኝ» አለ።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖችም ሳይክል ወይም የሳይክል ብር ከመላካችሁ በፊት ሁለት ቁጥር ጠይቁ፤ ቁመትና የውስጥ እግር። የምታስታውሱት ልጅ አሁን ያለው ልጅ አይደለም።

የቀሩት ነገሮች

በ«ማውንቴን» ስም አትታለሉ። ርካሽ የልጅ ሳይክል ላይ የሚገጠም የፊትና የኋላ ሞላ ብዙውን ጊዜ ለዓይን ነው፤ ቀላል ልጅ ተቀምጦበት አይተነፍስም፣ ክብደት ብቻ ይጨምራል። 24 ኪሎ የምትመዝን ልጅ 14 ኪሎ ሳይክል ነዳች ማለት አንተ በ70 ኪሎህ የ40 ኪሎ ሳይክል ገፋህ ማለት ነው። ዳገቱን አስበው! ለ8 ዓመት ልጅ 21 ማርሽም አያስፈልግም፤ ከኋላ ስድስት ወይም ሰባት ይበቃል።

ፍሬኑ ለጣት ከራቀ መያዣው ላይ ትንሽ ማቅረቢያ ብሎን መኖሩን ጠይቁ፤ ጥቂት ማዞር ጣትን ያደርሳል። ያገለገለ ሳይክል የምትገዙ ከሆነ ጎማውን አሽከርክራችሁ ቸርኬው እንዳይወላገድ፣ ቴላዮው መጋጠሚያው ላይ እንዳልተሰነጠቀ፣ ካቴናው እንዳልዛገ እዩ። ያገለገለ መግዛት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የሚያድግ ልጅ ላለው ሰው ብልህነት ነው። ሲያጥር ለታናሽ ይተላለፋል፣ ወይም ይሸጥና ለቀጣዩ መነሻ ይሆናል።

የራስ መከላከያ ቆብ (ሄልሜት) ነገርም አለ። እሱም ላይ «ያድግበታል» አይሠራም! ግንባር ላይ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ትቶ መቀመጥ አለበት፤ ልጁ ራሱን ሲነቀንቅ የሚዞር ከሆነ ቆብ እንጂ መከላከያ አይደለም። እኛ ከባለ 26ቱ የተረፈውን ብር ያዋልነው እዚህ ላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም በተጀመረው የኮሪደር ሥራ አዲስ አበባ ውስጥ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። ልጆቻችን «ሳይክል!» ማለታቸው አይቀርም። ከዚያ በፊት አንተም አንቺም ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉ። ሜትርና መጽሐፍ ያዙና ሕፃኑን ግድግዳ አስደግፉት። ስንት ደርሷል? መልሱ ሳያስገርማችሁ አይቀርም።