ካቴናው ለምን ይዘላል?

አንባቢ ሆይ፤ ብስክሌት ሲታመም ሕመሙን አይደብቅም። ይንቋቋል፥ ይንገጫገጫል፥ ይዘላል። ችግሩ ያለው ከእኛ ከሰሚዎቹ ዘንድ ነው። እኔ ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣሁት መካኒክ ስለ ሆንሁ አይደለም፤ በመዝገብ ቤት ወረቀት ከማገላበጥ በቀር ሌላ ሙያ የለኝም። ነገር ግን በባሕር ዳር ለምንኖር ሰዎች፥ ከተማችን ሜዳ ናትና፥ ብስክሌት ሁለተኛ እግራችን ነው። ስለዚህ አንዲት አሮጌ ብስክሌት የታመመችበትንና መድኀኒቷ የተገኘበትን መንገድ ብናገር፥ ደመወዙ እንደ እኔ ለሆነ ሰው ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ ነው።

ብስክሌቷ «ማውንቴን» የሚሏት ዓይነት ናት። ይህ ዓይነት ብስክሌት የተወለደው በአሜሪካ አገር፥ በካሊፎርኒያ፥ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ሲሆን፥ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥቂት ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች እየጠጋገኑ በአቧራማው ቁልቁለት ይሽቀዳደሙ ነበር። እንግዲህ ዘሯ ከጥገና የመጣ ነውና የእኔይቱም ጥገና ብታበዛ አይፈረድባትም። ከፊት ሦስት፥ ከኋላ ሰባት ጥርሳማ ክቦች አሏት። ጧት እኔ በዓባይ ድልድይ ላይ ተሻግሬ ወደ ቢሮ እሄድባታለሁ፤ ማታ የእኅቴ ልጅ ወደ ትምህርቱ ይሄድባታል።

ሕመሟ ይህ ነበር፤ ፔዳሉን ጠበቅ አድርገው ሲረግጡት ካቴናው «ጧ!» ብሎ ከጥርሱ ላይ ይዘልና እግር ባዶ ይወርዳል። ወደ በዛዊት ኮረብታ ስወጣ ይህ ቢያናድደኝ እንጂ አያስፈራኝም ነበር። አንድ ማታ ግን ልጁ አስፋልት ሊያቋርጥ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ሲረግጥ ካቴናው ዘለለ፤ በደረቱ መሪው ላይ ወደቀ፤ ይመጣ የነበረው ባጃጅ ቆሞ ቀረለት እንጂ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። እኅቴ በማግሥቱ፥ «ወንድምዓለም፥ ወይ አሠራት ወይ ሽጣት፤ ልጄን ግን አታስገድልብኝ» አለችኝ። የሚመለስ መልስ አልነበረኝም።

መካኒኩ ብስክሌቷን አንዴ ዞር ብሎ አያትና፥ «ጋሼ፥ ይቺ ሁለመናዋ አልቋል። ፊቱንም፥ ኋላውንም፥ ካቴናውንም፥ አሻጋሪ ክንዱንም እንቀይር» አለ። ዋጋው ከወር ደመወዜ ግማሹን የሚበላ ነበር። መካኒክን አልነቅፍም፤ ሁሉን የቀየረ ሰው የትኛው እንደ ተበላሸ የመመርመር ድካም የለበትም። እኔ ግን መግዛት ስለማልችል መመርመር ግድ ሆነብኝ።

ምርመራው በቁጥር ይጀምራል። የብስክሌቷ ካቴና 114 አንጓ አለው፤ የፊተኛው መካከለኛ ክብ 38 ጥርስ። 38 በ3 ሲባዛ 114 ነውና፥ ፔዳሉ ሦስት ጊዜ ሲዞር ካቴናው ልክ አንድ ዙር ይጨርሳል። እንግዲህ መንገጫገጩ በእያንዳንዱ የፔዳል ዙር የሚመጣ ቢሆን ጥፋቱ ከፔዳሉ፥ ከክንዱ፥ ወይም ከፊተኛው ጥርስ ነበር። በግቢያችን ውስጥ በቀስታ እየነዳሁ ብቆጥር ግን በየሦስት ዙሩ ሆኖ ተገኘ። ይህም ከካቴናው ላይ አንዲት አንጓ መታመሟን ያስረዳል። ልጁ ፔዳሉን በእጁ ወደ ኋላ ሲያዞር እኔ ከታች ካሉት ከሁለቱ ትናንሽ መንኰራኵሮች ላይ ዓይኔን ተከልሁ፤ አንዷ አንጓ ስታልፍ እንደ ታጠፈች ቀረች። ቀድሞ ሌላ መካኒክ ካቴናውን በጥሶ የቀጠለባት ቦታ ናት፤ ሚስማሯን አጥብቆ ስለ መታት መተጣጠፍ ተስኗታል። ዘይት ጠብ አድርጌ፥ ግራና ቀኟን ይዤ ወደ ጎን ቀስ እያልሁ ሳወዛውዛት ተፈታች። ያለ አንድ ሳንቲም!

ሆኖም ዳገት ላይ መዝለሉ አልቀረም። ይህኛው ቁጥር የለውም፤ የሚመጣው ኀይል ሲበዛ ብቻ ነው። ሁለተኛ በሽታ አለ ማለት ነው።

ሰው ሁሉ «ካቴናው ተሳበ» ይላል። ብረቱ እንደ ጎማ ተስቦ አይደለም። ሚስማሮቹና ሚስማሮቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች እርስ በርሳቸው እየተፋጩ ስለሚበላሉ ነው። ሐንስ ሬኖልድ የሚባል መሐንዲስ በ1880 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፥ በማንቸስተር ከተማ የዛሬውን ዓይነት ካቴና ከሠራ ወዲህ ጠላቱ ይኸው መፋጨት ነው። በብስክሌት ካቴና ከሚስማር እስከ ሚስማር ግማሽ ኢንች ነውና፥ 24 አንጓ በአዲስነቱ 12 ኢንች፥ ማለት 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወደ 306 ተኩል ሲጠጋ ካቴናው ይቀየራል፤ እስከ 308 ከደረሰ ግን የኋላውን ጥርስም አብሮ አበላሽቶታል። በልጁ ማስመሪያ ብንለካው 308 ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። ከኋላ ያሉት ትናንሾቹ ክቦች ጥርሳቸው እንደ ዓሣ መንጠቆ ጎብጧል። በእንዲህ ያለ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና ብቻ ቢያደርጉበት መዝለሉ ይብሳል፤ ስንቱ ሰው ነው በዚህ ምክንያት ሻጩን በከንቱ የሚራገም!

ስለዚህ ካቴናውና የኋላው ጥርስ በአንድነት ተቀየሩ። የፊቱ ትልቅ ስለ ሆነ ቶሎ አያልቅም፤ ደኅና ነበር። አሻጋሪው ክንድም ከመውደቅ የተነሣ ወደ ጎማው ዘመም ብሎ ነበር እንጂ አልተሰበረም፤ መካኒኩ በቀስታ አቃናው። የቀረው የካቦው መወጠር ነው። ካቴናው ወደ ትልቁ ጥርስ መውጣት ሲያቅማማ ካቦው ላልቷልና ካቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ማስተካከያ በግማሽ ዙር ወደ ግራ ማዞር ነው። በክንዱ ላይ ያሉት ሁለት ቪቴዎች አጥር ብቻ ናቸው፤ ካቴናው ወደ ጎማው ሽቦዎች እንዳይገባ፥ በሌላው ወገንም እንዳይወድቅ ይከለክላሉ። አንዳንድ ሰው ካቻቢቴ በያዘ ቍጥር እነሱን መነካካት ይወዳል፤ ባይነኳቸው ይሻላል።

ሁሉም ተደምሮ መጀመሪያ ከተጠራብኝ ዋጋ ሲሶውን ከፈልሁ። መካኒኩም አልተቀየመም፤ ማስመሪያዬን ተቀብሎ የሌላ ደንበኛ ካቴና ሲለካበት አይቼዋለሁ።

ዘይቱን በሚመለከት፥ ከመኪና የወጣ ጥቁር ዘይት አልወድም፤ የበጋውን አቧራ ይሰበስብና እንደ ሞረድ ይሆናል። በላምባ አጥቦ፥ አድርቆ፥ በየአንጓው አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ካደረጉ በኋላ ውጭውን በጨርቅ መጥረግ ነው፤ ዘይቱ የሚሠራው ከውስጥ ነውና። በክረምት ጭቃ በያዘው ቀን ሁሉ ይህን ማድረግ ያስፈልጋል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ በየዙሩ «ጭርጭር» የሚል ድምፅ መጣ። ልጁ ሳልነግረው ቆጠረና፥ «ጋሼ፥ በእያንዳንዱ ዙር ነው፤ ፔዳሉ ይሆናል» አለ። የግራውን ፔዳል ለመፍታት ቁልፉን እንደ ሌላው ብሎን ወደ ግራ ሊያዞር ሲል ያዝሁት፤ የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነውና የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው። ግራሶ ቀባንና መልሰን አሰርነው፤ ድምፁም ጠፋ።