ምሳውን ማን ያመጣል?

ሪያድ፣ ዑድ ሰፈር ውስጥ የሚኖር ሰው ስለ ጸጥታ መካሪ አያሻውም። ከንጉሥ አብዱልአዚዝ እስከ ንጉሥ አብደላ ያሉት የሳዑዲ ነገሥታት ስም ባልተጻፈበት መቃብር ያረፉት እዚሁ ሰፈር ነው፤ ከእነሱ የባሰ ዝምተኛ ጎረቤት የለም። ወዳጆቼ ግን «አንተ ሰውዬ፣ ራቅ ካላልክ አይጻፍልህም» ብለው ወጥረው ያዙኝ፤ አንደኛው በሱማማ መንገድ የተከራየውን፣ እዚህ ኢስቲራሃ የሚሉትን የዕረፍት ቤት ቁልፍ ሰጠኝ።

ጸጥታውስ ጸጥታ ነበር። ጠዋት ብዕሬ ቀናኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ሆዴ ጮኸ። ምሳ ያዘዝኩት ልጅ ስልኩን አላሳርፍ አለ፤ «ከማደያው ወዲህ ነህ ወዲያ? በሩ ምን ዓይነት ነው?» በመንገዱ ላይ ያለው በር ሁሉ ቡናማ ብረት ነው። ከብሳው ቀዝቅዞ ደረሰ፤ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገርም አብሮት ቀዝቅዟል። ያኔ ነው ድሮ ያነበብኩት ነገር ውል ያለኝ፤ የሆነ አገር የደራሲን ምሳ በቅርጫት በሩ ላይ አስቀምጠው፣ ሳያንኳኩ ይሄዳሉ።

ፈልጌ አገኘሁት። ቦታው አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ ፒተርቦሮ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ኤድዋርድ ማክዶዌል ሚስት ማሪያን እ.ኤ.አ. በ1896 እዚያ እርሻ ገዛች። ባሏ የሚሠራባት የግንድ ጎጆ ጫካው ውስጥ አሠራችለትና ቀን ቀን የምሳ ቅርጫቱን ደጁ ላይ እያኖረች ድምፅ ሳታሰማ ትመለስ ነበር። በ1907 ያው እርሻ በማክዶዌል ስም ለሌሎች ከያንያንም ተከፈተ። ባልየው በዓመቱ ሞተ፤ እሷ እስከ 1956 ኖረች። ቶርንተን ዋይልደር «አወር ታውን» የተባለውን ተውኔቱን በከፊል የጻፈው እዚያ ነው። ቅርጫቷ እስካሁን በየጎጆው ደጅ ትቀመጣለች። እንግዲህ ጥበበኛው ባል ስሙን ሰጠ፤ ነገሩን የፈጠረችው ግን ስንቅ ያመላለሰችው ሴት ናት ባይ ነኝ።

ይህን ለአንድ ጎጃሜ ወዳጄ ባወራው ተቆጣ። «የቅኔ ቤቶቻችን ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ እያሉ ማክዶዌል ትለኛለህ?» ሙግቱ ቀላል አይደለም። የቅኔ ተማሪ ትምህርቱን ከሰማ በኋላ ለብቻው ጫካ ገብቶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩም ያቃናለታል። ጫካው አለ፣ ጎጆው አለ፣ ብቸኝነቱም አለ። ታዲያ ምሳውስ? ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት፤ ከዚያ ከውሻ ጋር ግብግብ። ወዳጄ እዚህ ላይ ዝም አለ፤ የእግሩ ጠባሳ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።

ደራሲው አቤ ጉበኛ ሁሉንም ቀምሷል። የአቸፈር ልጅ ነው፤ በቤተ ክህነት ትምህርት አደገ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወደ ጎሬ ተጋዘ፤ ይህም መንግሥት ያዘዘለት ገለል ያለ ስፍራ መሆኑ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በ1967 በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የደራስያን መርሐ ግብሩ ጋበዘው። እኔ እንደማየው ከሦስቱ ቦታዎች ስለ ምራቱ ሳያስብ የጻፈው አዮዋ ብቻ ነው።

የደራሲን እንጀራ ካነሣሁ አይቀር፣ አሁን አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከዑድ አጠገብ ያለውን መንፉሃን ብዙዎቻችን የምናውቀው በእንጀራ ቤቶቹና በ2006 ዓ.ም. በስደተኞቻችን ላይ በደረሰው ግርግር ነው። ግን መንፉሃ የሪያድ ሰፈር ሳትሆን በፊት የተምር ዛፍ የከበባት የገጠር መንደር ነበረች፤ ከእስልምና መባቻ በፊት ስመ ጥር የሆነው ባለቅኔ አል አዕሻ የዚያች መንደር ሰው ነው። «ሙዐለቃት» ከሚባሉት የጥንት ዐረብኛ ምርጥ ግጥሞች ደራስያን ጋር የሚቆጥሩት አሉ። ይህ ሰው የገጠር ጸጥታ በደጁ እያለለት ምን አደረገ? ግመሉን ጭኖ ሄደ! ገንዘብ ፍለጋ ኦማንን፣ ሆምስን፣ ኢየሩሳሌምን እንደዞረ፣ የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ቤት ድረስ እንደዘለቀ በግጥሙ ይቆጥራል። ባለቅኔ ነውና ትንሽ ሳይጨምርበት አይቀርም። እውነት ከሆነ ግን የእኛ ንጉሥ ግብር ላይ ቀርቦ በልቷል ማለት ነው፤ ዛሬ የእኛ ልጆች በተራቸው ሥራ ፍለጋ መንፉሃ ድረስ መጥተዋል። እኔ ሒሳቡ አልተወራረደም እላለሁ፤ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

የሳዑዲ የሥነ ጽሑፍ፣ የኅትመትና የትርጉም ኮሚሽን ደራስያንን ገለል ወዳለ ስፍራ ወስዶ የሚያስጽፍ ዕቅድ አለው። መልካም ነው። ለእኔ ቢጤው ግን በአማርኛ ለሚጽፍ ያለው ወዳጅ ብቻ ነው። ስለዚህ የሪያድ ዘመዶቼ፣ የሚጽፍ ሰው ካላችሁ የኢስቲራሃ ቁልፍ አትስጡት። ምሳ ቋጥሩለት፤ በር ላይ አስቀምጡና ሳትደውሉለት ሂዱ።