ድምፅ ያልነበረው ወፍጮ

ሰው ገንዘቡን ይቀብራል፤ እህሉን በጉድጓድ ይቀብራል፤ ሙቱንም ይቀብራል። እኛ ግን በ2013 ዓ.ም. ክረምት ናፍጣ ቀበርን።

ከተማችን ላልይበላ ሐምሌ 29 ቀን በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። እኛ የቀበርነው ከዚያ ሁለት ሌሊት ቀደም ብሎ ነው። በወፍጮ ቤታችን ጓሮ፣ አባቴ ፋኖስ ሳያበራ ቆፈረ፤ እኔ አፈሩን በቁና ተሸከምሁ። ናፍጣው ሦስት ጀሪካን፣ ስድሳ ሊትር ነበር። ጎረቤቶቻችን ወፍጮዎቻቸውን ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀይሩ እኛ አሮጌውን የናፍጣ ሞተር የያዝነው ከብልህነት ሳይሆን ከድህነት ነበር። መብራት በጠፋ ጊዜ ግን ድህነታችን ሀብት ሆነ፤ ሀብት ከሆነ ደግሞ መደበቅ ነበረበት።

አባቴ አንድ ጉድጓድ አልቆፈረም፤ ሦስት ቆፈረ። አንዱን ከኮክ ዛፉ ሥር፣ አንዱን ከካቡ አጠገብ፣ አንዱን ከፍግ ክምሩ በታች። «አንድ ላይ የተቀመጠ ነዳጅ አንድ ላይ ይጠፋል» አለኝ። ሽታው እንዳያሳብቅ አመድ ነሰነሰበት፤ እጃችንንም በአመድ አስታጠበን። ይህን ጥበብ ከየት እንዳመጣው አልጠየቅሁትም፤ አውቀው ነበርና።

አባቴ በወጣትነቱ እንደ ብዙ የወሎ ልጆች ሥራ ፍለጋ ወደ አሰብ ወርዶ ነበር። እዚያ በሶቪየቶች እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረው የአገራችን ብቸኛ ነዳጅ ማጣሪያ ይገኝ ነበር። አባቴ በበሩ ላይ ዘበኛ ሆነ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ የሚገባውን ሁሉ መፈተሽ፣ ክብሪትና ላይተር መቀበል፣ የአሸዋ ባልዲዎቹ ሙሉ መሆናቸውን ማየት። በየጋኑ ዙሪያ የአፈር ግድብ ይከመር እንደነበር ይነግረን ነበር፤ አንዱ ቢቃጠል እሳቱ ፈስሶ ወደ ሌላው እንዳይሻገር። ቦቴዎቹ በረሃውን አቋርጠው በኮምቦልቻ በኩል ወደ መሀል አገር ሲወጡ፣ የአገሩ ልጆች ለአገራቸው ብርሃን የሚጭኑ ይመስለው ነበር። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ሁሉም ሲለወጥ በእግሩና በጭነት መኪና ወደ ላስታ ተመለሰ። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ አገራችን የምታነደው ሁሉ ከውጭ ተጣርቶ የሚመጣ ነው።

ከአሰብ ትዝታዎቹ ሁሉ አባቴ አብዝቶ የሚያወራው ስለ ነበልባሉ ነበር። ከማጣሪያው ጭስ ማውጫ ጫፍ ሌሊቱን ሙሉ የሚነድ እሳት አለ፤ ከባሕር ላይ ያሉ ሰዎች ከሩቅ ያዩታል። «ዘበኛ መሆን ያስቸገረኝ ለዚያ ነው፤ የምጠብቀው ነገር እዚህ ነኝ እያለ ሲጮኽ ያድራል» ይል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን አነበብሁ፤ አባቴም ትክክል ነበር። የሚሠራ ማጣሪያ አይደበቅም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1943 ከ170 በላይ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ከቤንጋዚ ተነሥተው የሩማንያን ፕሎየሽቲ ማጣሪያዎች ሲመቱ፣ ከታች የጠበቃቸው የመድፍ ደንና በማሽኖቹ ዙሪያ የተገነባ የጡብ ግንብ ነበር። ከአውሮፕላኖቹ ከ50 በላይ አልተመለሱም፤ ማጣሪያዎቹም በሳምንታት ውስጥ አገገሙ። እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 2019 ደግሞ በሳዑዲ ዓረቢያ አብቃይቅ ላይ ሰው የሌለባቸው በራሪዎችና ሚሳይሎች ወረዱና የዚያችን ባለጸጋ አገር የነዳጅ ምርት ለቀናት በግማሽ ቀነሱት። ግንብና መድፍ ሲያረጁ፣ ምን ቀረ? መቅበር።

መቅበርንም ሰዎች ሞክረውታል። አሜሪካውያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሃዋይ፣ ሬድ ሂል በሚባል ኮረብታ ውስጥ፣ ዓለት ፈልፍለው 20 የነዳጅ ጋኖችን ሠሩ፤ የእያንዳንዱ ቁመት 76 ሜትር ያህል ነው። ይህን ሳነብ ያደግሁባቸውን 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሰብሁ። የእኛ አባቶች ዓለቱን ፈልፍለው ጸሎት አኖሩበት፤ እነዚያ ነዳጅ አኖሩበት። የሬድ ሂል ጋኖችን ቦምብ ነክቷቸው አያውቅም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021፣ እኛ በጨለማ በተቀመጥንበት በዚያው ወቅት፣ ነዳጁ አፈትልኮ የሺሕ ቤተሰቦችን የመጠጥ ውኃ በከለ። በተከታዩ ዓመት ማከማቻው ይዘጋ ተባለ። ጠላት ያላገኘውን ነገር ጎረቤት ጠጣው።

እኛም ጎረቤት ነበረን።

አንባቢ ሆይ፣ ታሪኬ እዚህ ላይ ይከብደኛል። ናፍጣ ሊትሩ ሳይሆን ድምፁ ነው የሚያጋልጠው። ሞተሩን ብናስነሣ ቱግቱግታው ከወንዙ ማዶ ይሰማል፤ በሰዓቱም ውስጥ የታጠቀ ሰው በር ላይ ይቆማል፤ ናፍጣውም የማንም ይሁን የማን፣ የመኪና ሆድ ይገባል። ስለዚህ ወፍጮው ዝም አለ። ሰፈሩም ወደ ድንጋይ ወፍጮና ወደ መጅ ተመለሰ። እናቴ፣ ምስጢሩን እያወቀች፣ ከተቀበረው ናፍጣ ሃያ እርምጃ ርቃ ተንበርክካ ትፈጭ ነበር። ከግድግዳው ባሻገር ደግሞ ምስጢሩን የማታውቅ፣ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ጎረቤታችን ትፈጭ ነበር። የእርስዋን መጅ ድምፅ በየንጋቱ እሰማው ነበር፤ ያርፋል፣ ይቀጥላል፣ ደግሞ ያርፋል። ከኅዳር ወዲህ ዕረፍቱ ረዘመ።

በዚያ ጊዜ ስለ ላልይበላ ብዙ ተብሏል። ከተማዋ እንደተያዘች አሜሪካ ሳትቀር ቅርሱ እንዲጠበቅ ጥሪ አቅርባለች። ደግ አደረጉ፤ ድንጋዩ የእኛም የዓለምም ነው። የጦርነት ሕግም አለ፤ አገራችን በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ እህልንና የመጠጥ ውኃን ከጥቃት ይከልላል፤ ግድቦችንና የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎችን በስማቸው ይጠራል። ነዳጅ ማጣሪያን ግን በስሙ አይጠራም። ምክንያቱ አይሰወርም፤ ነዳጅ የእናትም የታንክም ነው። ሕጉ እህሉን ያውቃል፣ እንጀራውንም ያውቃል፤ በመካከላቸው ያለውን አንድ ጀሪካን ናፍጣ አያውቅም።

ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተማዋ ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰች፤ ታኅሣሥ 3 ቀን ደግሞ ተያዘች፤ ወሩ ሳያልቅ እንደገና ተለቀቀች። ገና ሲቃረብ፣ መብራት ገና ሳይመጣ፣ አባቴ ከኮክ ዛፉ ሥር ያለውን ቆፈረ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ አጨሰ፣ ተነሣ። ሰፈሩ በየበሩ ወጣ። እህል የተሸከሙ ሴቶች ተሰለፉ፤ አሮጊቷም አንድ ቁና ገብስ ይዛ መጣች።

«ናፍጣው በየት በኩል ገባ?» አለች።

አባቴ መዋሸት አልቻለም። «ከዚሁ ነበር» አላት።

ዝም አለች። መዳፎችዋን አየኋቸው፤ የመጁ ጠርዝ የበላውን ቆዳ በጨርቅ ጠቅልላዋለች። ከዚያ ሳትቆጣ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «አያ፣ እኔም እኮ ምስጢር መጠበቅ እችል ነበር» አለችው። ዱቄትዋን ተቀብላ፣ አመስግና ሄደች።

አባቴ ያን ሌሊት እህል አልቀመሰም። እኔም ልከራከርለት ሞከርሁ፤ ብናወጣው በአንድ ሳምንት ያልቅ ነበር፣ ብንናገር ይወሰድ ነበር አልሁት። ሁሉም እውነት ነው። እርሱ ግን እንዲህ አለኝ፦ «አሰብ ላይ የምጠብቀውን ነገር ሁሉም ሰው ያውቀው ነበር። ለጠላት ብቻ ነበር የምጠነቀቅለት። እዚህ ግን ማንን ከማን እንደምጠብቅ ጠፋኝ።»

ይህ ቃል ከእኔ ጋር ቀረ። ጦርነት ነዳጁን ብቻ አይወስድም፤ የምንደብቃቸውን ሰዎች ቁጥር ያበዛብናል። መጀመሪያ ከታጠቀው እንደብቃለን፤ ቀጥሎ ለታጠቀው ይነግር ይሆናል ካልነው፤ በመጨረሻ ከግድግዳው ማዶ ከምትፈጨው።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በከተማችን ዳግም ተኩስ ሲሰማ፣ አባቴ ዶማውን አነሣ። ሦስት ጀሪካን ነበረን። በጓሮአችን ሁለት ጉድጓድ ብቻ ቆፈረ። ሦስተኛውን ጀሪካን በጋቢው ሸፍኖ በካቡ ላይ ተሻገረና የአሮጊቷን በር አንኳኳ። እርስዋ ከውስጥ ወጥታ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ በጣትዋ አንድ ቦታ አሳየችው። አስቀድማ አስባበት ነበር።

ቸር ያሰማን።