የመብራቱ ሒሳብ

በዚህ ወር የምናወራችሁ ስለ ግብር ነውና ገጹን ቸኩላችሁ አትግለጡት። ነገራችን ስለ ትልቅ ነጋዴ ወይም ስለ ፋብሪካ አይደለም፤ ስለ አንዲት ክፍል፣ በክፍሏ ውስጥ ስላለው ጠረጴዛና በጠረጴዛው ላይ ስለሚበራው አምፖል ነው።

የምንኖረው በመርካቶ አጠገብ በአብነት ሰፈር ነው። በልጅነታችን በድቁና ያደግንና የአብነት ትምህርት የቀመስን በመሆናችን ወዳጆቻችን «ከአብነት ትምህርት ቤት ወጥተህ አብነት ሰፈር ገባህ» እያሉ ይቀልዱብናል። ቤታችን የኪራይ ቤት ነው፤ አንድ ክፍልና ከጓሮ በኩል አንዲት ጠባብ ማድ ቤት አለው። በመስኮቱ በኩል የባለቤታችን የልብስ ስፌት መኪና ተቀምጧል። እርሷ ከጥዋት እስከ አሥር ሰዓት የተማሪ ደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ በዓል ሲቃረብም የሀገር ልብስ ታዘጋጃለች። አሥር ሰዓት ሲሆን ጨርቁ ወደ ጥግ ይገፋና በዚያው ጠረጴዛ ላይ የእኛ የእርማት ደብተር ይዘረጋል። ደብተሩ ሲነሣ ገበታ ይቀርባል። ገበታው ሲነሣ ልጃችን የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ስለዚህ ያ ጠረጴዛ የሥራ ቤት ነው ወይስ የመኖሪያ ቤት ተብለን ብንጠየቅ፣ በየሰዓቱ ልዩ ልዩ መልስ መስጠት ይገባን ነበር።

ይህን ጥያቄ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ግብር ቤታችን ድረስ አመጣልን። ባለቤታችን የንግድ ፈቃድ ካወጣች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። በዚያን ጊዜ ይሠራበት በነበረው በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ሰው «ደረጃ ሐ» እየተባለ በግምት ይከፍል ነበር፤ ከ500,000 እስከ 1,000,000 ብር ያለው ግን «ደረጃ ለ» ሆኖ የገቢውንና የወጪውን መዝገብ መያዝ ነበረበት። ግምት ሲባል ደግሞ የሰፈራችን ሰው የሐምሌ 2009ን የቀን ገቢ ግምት ሳያስታውስ አይቀርም፤ ያን ጊዜ በመርካቶና በሌሎችም ቦታዎች ብዙ ሱቅ በቅሬታ ተዘግቶ ነበር። የባለቤታችን ሽያጭ በዚያ ዓመት የአንድ ትምህርት ቤት ትእዛዝ ስለ ደረሰላት ከ500,000 ብር አለፈ። ገንዘቡ ብዙ መስሎ ቢታይም አብዛኛው የጨርቅ ዋጋ ነው። እንግዲህ ከግምት ወጥታ ወደ መዝገብ ገባች ማለት ነው፤ መዝገቡን የማዘጋጀቱም ሥራ በእኛ ላይ ወደቀ፤ «አንተ የተማርክ ነህ» ተብለን።

በነገራችን ላይ፣ ግብር የሚለው ቃል በግእዝ ሥራ ማለት ነው። በአማርኛ ለመንግሥት የሚከፈለው ገንዘብ ግብር ይባላል፤ ቀድሞ በቤተ መንግሥት ይበላ የነበረውም ግብዣ ግብር ይባል ነበር። ሠርቶ ማግኘት፣ ካገኙት መክፈልና አብሮ መብላት በአንድ ስም ሲጠሩ ደስ ይላል፤ ሒሳቡ ሲመጣ ግን ደስታው ይቀንሳል።

ሕጉ የሚለው በአጭሩ ይህ ነበር። ነጋዴ የሆነ ሰው ገቢውን ለማግኘት፣ ለማስቀጠልና ዋስትና ለመስጠት ያወጣው አስፈላጊ ወጪ ከገቢው ላይ ይቀነስለታል፤ ግብሩም በተረፈው ላይ ይሰላል። ለግል ፍጆታ ያወጣው ግን አይቀነስለትም። ክሩ፣ ጨርቁ፣ ዚፑ፣ የመኪናው ጥገና ይቀነሳል፤ ሽሮውና ዘይቱ አይቀነስም። ሱቅ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነው፤ የሱቁ በር ሲዘጋ የሥራው ወጪ ይዘጋል። በቤቱ ለሚሠራ ሰው ግን በሩ አንድ ነው።

እኛም በአንድ የሐምሌ ምሽት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠን ወጪውን ጻፍን። የጨርቁንና የክሩን ከጨረስን በኋላ የዓመቱን የመብራት ሒሳብ በሙሉ ጻፍን። የዓመቱን የቤት ኪራይ በሙሉ ጻፍን። ውኃውንም ጨመርን። በመጨረሻም የእኛን የስልክ ካርድ ጨመርን። ከዚያም ጽሑፏ ከእኛ ጽሑፍ ይልቅ የጠራ ስለሆነ ልጃችንን ጠርተን «በንጹሕ ወረቀት ገልብጪልን» አልናት።

ለምን እንዲህ እንዳደረግን ብንደብቅ ይህን ጽሑፍ መጻፍ አልነበረብንም። ከሁለት ዓመት በፊት የተቋጠረ ቂም ነበረብን። በመጋቢት 2012 ወረርሽኙ ሲገባ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ እኛም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን በቴሌግራም ትምህርት እያዘጋጀን ስንልክ ከረምን። የኢንተርኔቱን ጥቅል የገዛነው ከኪሳችን ነው። ስልኩም የራሳችን ነው፤ አምፖሉም የራሳችን ነው። ደመወዙ ሲመጣ ግን ግብሩ እንደ ወትሮው ተቆርጦ መጣ። የሒሳብ ሠራተኛውን ብንጠይቅ «መምህር፣ ለተቀጣሪ ሠራተኛ ወጪ አይቀነስም፤ ሕጉ ነው» አለን። እውነቱን ነው። አዋጁ ደመወዝተኛ ሥራውን ለመሥራት ያወጣውን ወጪ ከግብሩ በፊት እንዲቀንስ አይፈቅድም፤ በየትኛው ቤት ቢሠራ ለውጥ የለውም። በሚያዝያ 2012 መንግሥት እፎይታ ሲሰጥም፣ ሥራቸው ቆሞ ሳለ ሠራተኛ ሳይበትኑ ደመወዝ ለከፈሉ ድርጅቶች የ4 ወር የደመወዝ ግብር ተተወላቸው፤ ይህም ብዙ ሰው ከሥራው እንዳይወጣ የታሰበ መልካም ነገር ነበር። በቤቱ ተቀምጦ ካርድ እየሞላ ያስተማረው ግን በዚያ ውስጥ አልነበረም። እንግዲህ በልባችን «በእኛ በኩል የተዘጋው በባለቤታችን በኩል ይከፈታል» አልን። ሌባ ሁሉ ምክንያት አያጣም፤ እኛም አላጣንም።

ባለቤታችን የተገለበጠውን ወረቀት አንሥታ አየችው። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እንጀራውንም በስፌት መኪናው ነው የጋገርኩት?» አለችን። እኛ ሳቅን፤ እርሷ አልሳቀችም። «አንተ ብትጽፈው ከመንግሥት ጋራ ትነጋገራለህ። ይህን ግን ልጄ በእጇ እንድትጽፈው አልፈልግም» ብላ ወረቀቱን አጠፈችው። ልጃችን አንዴ እኛን፣ አንዴ እናቷን ታይ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እኛም በዚያው ሳምንት ፈተና የኮረጀ ተማሪ በክፍላችን ገሥጸን ነበር። ከዚያ በላይ የሚናገረን ሰው አላስፈለገም።

ነገር ግን ጥያቄው አልተፈታም፤ ሙሉውን መጻፍ ሐሰት ከሆነ ምንም አለመጻፍም እውነት አይደለም። መኪናው የሚዞረው በመብራት ነው። የአጎታችን ልጅ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ተቀምጦ በቤቱ የሰዎችን ሒሳብ ይይዛል፤ ደውለን ጠየቅነው። በእነርሱ አገር ለራሱ የሚሠራ ሰው ከቤቱ ለሥራ የለየውን ቦታ በስኩዌር ፊት ለክቶ ለእያንዳንዱ 5 ዶላር፣ እስከ 300 ስኩዌር ፊት ድረስ ሊቀንስ እንደሚችል ነገረን፤ ሲበዛ 1,500 ዶላር መሆኑ ነው። ተቀጣሪ ሠራተኛ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2018 ጀምሮ ይህ አይፈቀድለትም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በወረርሽኙ ጊዜ በቤቱ እንዲሠራ የታዘዘ ሠራተኛ ያለ ደረሰኝ በሳምንት 6 ፓውንድ ይታሰብለት ነበር። ይህን ስንሰማ ቀናን። ዘመዳችን ግን ቀጥሎ «ቦታው ለሥራ ብቻ መሆን አለበት፤ ልጆች የሚጫወቱበት ወይም እራት የሚበላበት ከሆነ አይቆጠርም» አለን። ሦስት መቶ ስኩዌር ፊት 28 ሜትር ካሬ ያህል ነው፤ እርሱ ለሥራ ብቻ የለየው ቦታ የእኛን መኖሪያ፣ መመገቢያና መኝታ ሁሉ ጠቅልሎ ይይዛል። በአሜሪካ ሕግ ቢሆን የእኛ ጠረጴዛ በእራት ሰዓት ይወድቃል ማለት ነው።

ስለዚህ ቦታውን መክፈል ካልሆነልን ሰዓቱንና መብራቱን እንክፈል አልን። በዚህ ላይ ጥቂት ብንቆይ አንባቢያን አይሰለቹብን፤ በየቤቱ ሊደረግ የሚችል ነገር ነውና። በየዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ዋት እየተመለከትን ጻፍን። የስፌት መኪናው ሞተር 100 ዋት ነው፤ በቀን 6 ሰዓት፣ በወር 24 ቀን ቢሠራ 14 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ካውያው 1,000 ዋት ነው፤ በየመሐሉ ራሱን ስለሚያጠፋ በቀን የአንድ ሰዓት ብናስብለት 24 ይሆናል። አምፖሉ አዲሱ ዓይነት ስለሆነ ከ10 ዋት አያልፍም፤ ቢታሰብ አንድም አይሞላ። ባንድ ላይ 39 ያህል። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ግን 3,500 ዋት ነው! በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት በወር 60 ያህል ይበላል። የወሩ ጠቅላላ 140 ነበር። ወር ሙሉ ሲንኳኳ የምንሰማው መኪና፣ ካውያውና አምፖሉ ተጨምረውለት እንኳ ከመቶ 28 ብቻ ሆነ፤ ዝም ብሎ በማድ ቤት የተቀመጠው ምጣድ ብቻውን 43 ያህል ወሰደ። የባለቤታችን የእንጀራ ቀልድ በቁጥርም እውነት ሆኖ ተገኘ። የመብራት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚጨምር በመሆኑ ክፍፍሉ ፍጹም አይደለም፤ ከሙሉው ግን እጅግ ለእውነት ይቀርባል።

ወደ ኪራዩ ስንመጣ ነገሩ በአጭሩ ተቆረጠ። አከራያችንን ደጃቸው ድረስ ሄደን «ጋሼ፣ ለኪራዩ ደረሰኝ ቢሰጡን» አልናቸው። «ልጄ፣ ደረሰኝ ከፈለጋችሁ ኪራዩም ይጨምራል» አሉን፤ የኪራይ ገቢ ግብር እንዳለባቸው እናውቃለንና ትርጉሙ አልጠፋንም። ቡና አፍልተውልን ጠጥተን ተመለስን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን አዟል፤ በእኛ ጊዜ ግን በእጅ ሰጥተን በቃል እናመሰግን ነበር። የኪራዩን መስመር ሰረዝነው።

ክሩም ጣጣ አመጣ። በመርካቶ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠየቁት «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚል ነበር፤ ያለ ደረሰኝ ይቀንሳል። ባለቤታችን ለብዙ ዓመት የሚቀንሰውን መርጣለች። በዚያች ክረምት ግን ያ ቅናሽ ቅናሽ እንዳልነበረ አየን፤ ደረሰኝ የሌለው ክር በግብር ፊት ያልተገዛ ክር ነውና ግብሩ በእርሱም ላይ ተሰላ። ለሻጩ የቀረለትን ግብር እኛ ከፈልንለት ማለት ነው። በኅዳር 2017 በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት የመርካቶ ሱቆች ተዘግተው በሰነበቱ ጊዜ የሁለቱንም ወገን ክርክር ሰምተናል፤ በዚያ መካከል ስለ ገዢዋ ልብስ ሰፊ ያነሣ ሰው ግን አልሰማንም።

ነሐሴ ላይ ከባለቤታችን ጋራ ወደ ግብር ቢሮው ሄድን። ወረፋው ረጅም ነበር። በመስኮቱ የተቀመጠችው ወጣት መዝገቡን ገጽ በገጽ አየችው። የመብራቱ ክፍፍል ላይ ስትደርስ ቀና ብላ «ይህን ማን ሠራው?» አለች። እኛም ትንሽ ኮራ ብለን «እኛ ነን» አልን። «መምህር፣ በጣም ጥሩ ሠርተውታል፤ ግን የመብራቱ ደረሰኝ በማን ስም ነው?» አለች። ቆጣሪው በአከራያችን ስም ነው። በሌላ ሰው ስም በወጣ ደረሰኝ ልትቀበለን እንደማትችል በትሕትና ነገረችንና በመስመሩ ላይ ዜሮ ጻፈች። ሁለት ሌሊት የደከምንበት 28 በመቶ በአንድ ብዕር ሄደ።

በመንገድ ላይ ሙሉውን ጽፈን ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው በከንቱ እንደምንዋሽ ስናስብ አፈርን። ባለቤታችን ግን ስለ ገንዘቡ ነበር የምታስበው፤ «ክሩን ከዛሬ ጀምሮ በደረሰኝ ነው የምገዛው፤ ዋጋውን ደንብ ልብሱ ላይ እጨምራለሁ» አለች፤ ጨመረችም፤ ሁለት ደንበኛ ሄደባት።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተሻሽሏል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1395 ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነውን መነሻ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል፤ የነጋዴዎቹም ደረጃ አዲስ ድልድል ወጥቶለታል። ስለዚህ ከላይ የጻፍነው የደረጃ ቁጥር የ2014 ዓ.ም. መሆኑን ልብ በሉልን፤ በቤቱ የሚሠራ ሁሉ የዘንድሮውን ደረጃውን በወረዳው ሄዶ ይጠይቅ።

የራሳችንን ቆጣሪ ለማስገባት የአከራያችን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሁለት ጊዜ ጠይቀናቸው «እስቲ ይታሰብበታል» ብለውናል። ልጃችን አሁን መዝገቡን ራሷ ትይዛለች። በየወሩ መጨረሻ ቆጣሪውን ታነብና የመኪናውን፣ የካውያውንና የምጣዱን ድርሻ ለይታ ትጽፋለች፤ ከመጨረሻው ዓምድ ላይ «ለግብር የሚቀነስ» በሚለው ሥር ዜሮ ታስቀምጣለች።